ፍርድ ያጣው በሬ

ከሪማ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ንፋስ መውጫ ከተመለሰች ወዲህ አባቷን ጁሃርን በአንድ ፊልም ነዝንዛ ፋታ ነሥታዋለች። ጁሃር ቪዲዮ ቤት አለው። የሚያሳየው ኳስና በአማርኛ የተተረጎመ የህንድ ፊልም ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእሱ የመብራት ኪሳራ ነው።

የእሷ ፊልም «የመቀናጆው በሬ» ይባላል። አንዳንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ጎረቤታሞች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። አንድ ቀን የአንደኛው በሬ በሌላኛው ተራ፣ ቀንበር እንደተሸከመ ወድቆ ይሞታል። ማን ይካስ? ፊልሙ አይናገርም። ሁለቱ ሰዎች በማሳው ግራና ቀኝ እንደተኮራረፉ፣ የተረፈው በሬ መሀላቸው ሲግጥ ያልቃል። አዲስ አበባ ላይ ሳይከርም ከሲኒማ ወረደ። የዶርም ጓደኞቿም «መጨረሻው የታለ?» ብለው ሳቁባት። ከሪማ እንባ የሚቀርባት ሴት አይደለችም፤ ጥሩ ነገር ሲናቅ ግን ያንገበግባታል። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ፊልሙን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብሎ እንዲያይላት ፈለገች።

«እሺ፣ በገበያ ቀን ሞክሪው» አላት ጁሃር በመጨረሻ። «ግን ሳያልቅ እኩሌታው ሰው ከተነሣ፣ ከዚያ ወዲያ ሪሞቷን አትነኪያትም።»

በገበያው ቀን አላህ አገዛት፤ ዝናቡን አወረደው። ገበያተኛው ከነዶሮው ከነጆንያው ቪዲዮ ቤቱን ሞላው። የሽምግልና ነገር ሲነሣ ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው አያ ይርዳው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት ተቀመጡ። ከኋላቸው ባጃጅ ነጂው ጥላዬ ሱፍ ይፈለቅቃል።

«ከሪማ፣ ሽጉጥ አለበት?»

«የለበትም።»

«ዘፈንስ?»

«አርፈህ እይ።»

«በሉ እንግዲህ፣ ዝናቡ ሲያባራ ቀስቅሱኝ» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ፊልሙ እኩል ሲደርስ የቆርቆሮው ጩኸት ጸጥ አለ። ዝናቡ አባርቷል። ከሪማ ተናደደች፤ ምናለ ትንሽ ቢቆይ። ሁለት ሰዎች ወጡ። ሦስት ተከተሉ። ዶሮ ሻጯ እትየ ካሣነሽ ዶሮዋን አቅፋ በሩ ላይ ደረሰች። ጁሃር የህንዱን ፊልም ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ።

ያኔ በሬው ወደቀ። አያ ይርዳውም ብድግ አሉ።

«አለቀልኝ» አለች ከሪማ በሆዷ።

ሽማግሌው ግን ወደ በሩ አልሄዱም። ከዘራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አነሡ። «አቁሚው እስቲ። የዋዜማውን ማታ መልሽልኝ።»

መለሰችላቸው። በሬው ድርቆሹ ላይ ቆሟል፤ አያኝክም።

«አያችሁ? አፉን አልከፈተም። ታሞ ነው ያደረው። አራሹ ዕዳ የለበትም።»

«ምን ታሞ! ጠግቦ ነው» አለች እትየ ካሣነሽ ከበሩ ተመልሳ። «ይልቅ ሲያርስ የነበረውን አሳዪኝ፣ ልጄ። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ እንኳ አልፈታውም። በጅራፍ ነው የገደለው።»

ጥላዬ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የገደለማ ይካስ።»

«አንተ ስታንኮራፋ አልነበር?» አሉት አያ ይርዳው። «ተኝቶ ምስክርነት የለም።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን የሰሙት የወጡት ሰዎች ተመለሱ፤ መንገደኛም ተከትሏቸው ገባ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ አቁሚ፣ መልሽ፣ ቀጥዪ እየተባለ ሄደ። ሰውም በግራና በቀኝ ተከፈለ። በመጨረሻ የተረፈው በሬ ጋጠ፣ ጋጠና ስክሪኑ ጨለመ። ከሪማ ያቺን «መጨረሻው የታለ?» የምትለውን ጥያቄ ጠበቀች። ማንም አልጠየቀም።

«ደግ አደረገ፤ ፍርዱን ለእኛ ተወልን» አሉ አያ ይርዳው። «ለሚቀጥለው ገበያ ቀጠሮ ይሁን። ያኔ ደግመን እናይና እፈርዳለሁ።»

ከሪማ አላስቻላትም። «እርስዎማ ዋዜማው ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። እትየ ካሣነሽም እንደዚያው።»

አያ ይርዳው ትንሽ አሰቡ። «እውነቷን ነው። እኔ ለአራሹ ልሟገት፤ ካሣነሽ ለባለበሬው ትቁም። ዳኛው ጁሃር ይሁን። እርሻ የለው፣ በሬ የለው፤ ለማን ያዳላል?»

«ኧረ አያ ይርዳው፣ እኔ ፊልሙን የት አየሁት? በሩን ስጠብቅ ነበር» አለ ጁሃር።

«እንግዲያው ታየዋለሃ።»

በማግስቱ የኳስ ሰዓት ደርሶ ወጣቶቹ በሩን ይደበድባሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ጥላዬ ነው። ከሪማ በጓሮ ዞራ ስትገባ አባቷ ባዶው ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። በሬው ድርቆሹ ላይ ቆሟል።

«አባ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው። ስጠኝ ልቀይረው።»

ጁሃር ዓይኑን ከበሬው ሳይነቅል እጇን ገፋ አደረጋት።

«ሪሞቷን አትንኪያት» አለ።