ሃያ አንደኛዋ ኮከብ

ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ሰዓት ማየት ነውር ነው። መሪጌታ አምሐ ይህን ለስንቱ የመከሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ግን ነጠላቸውን እስከ ጣታቸው ስበው ከሥሩ ሰርቀው ያያሉ። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም፣ አሥሬ! ሰዓቷ በአረንጓዴ ቁጥር አንድ መቶ አርባ ስምንት ትላለች። ቅድምም አንድ መቶ አርባ ስምንት፣ አሁንም አንድ መቶ አርባ ስምንት። ተቀምጦ ለዋለ ሰው ምን ብላ ትጨምርለት!

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሦስት መቶ ሃምሳ መግባት አለባት። ካልገባች ወደ ደቅ ደሴት መሻገር የለም። ደቅ ካልተሻገሩ ደግሞ መሪጌታ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ያላስታጎሉት የኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ቀረ ማለት ነው።

ጣጣው የመጣው ዓምና ነው። ደቅ ደሴት ላይ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዜማ በተማሩበት ደብር፣ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ከበሮው ሞቅ ብሎ ወረቡን ሲመሩ መሪጌታ መቋሚያቸውን እንደያዙ ዘፍ አሉ። ሲነቁ «ደክሞኝ ነው» አሉ። ወደሚኖሩበት ባሕር ዳር ተመልሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ግን ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሙ «ይንቀሳቀሱ እንጂ፣ መሪጌታ» ሲላቸው ቁጣ ያዛቸው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሰው ነው አትንቀሳቀስም የሚባለው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን መሪጌታ የሚቆሙት በዓል ሲሆን ነው። በሌላው ቀን ተማሪዎቻቸው ፊት ወንበር ላይ ተሰይመው ይውላሉ፤ ከወንበር ወደ ማዕድ፣ ከማዕድ ወደ ወንበር።

ልጃቸው ብሥራት ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ውስጥ ስታትስቲክስ ታስተምራለች። ያን ዕለት ከሴቶቹ ወገን ሮጣ መጥታ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ ያሳረፈችው እሷ ናት። ዘንድሮ ጥቅምት ሲጋመስ «ለሚካኤል ደቅ ልሻገር ነው» ሲሏት ፊቷ ልውጥ አለ።

«አይሻገሩም፣ አባየ።»

«ማነሽ አንቺ ከልካይ?»

«ልጅዎ ነኛ! ሲወድቁ ያየሁ ልጅዎ።»

ሁለት ቀን ተኳረፉ። በሦስተኛው ቀን ብሥራት ጥቁር የእጅ ሰዓት ይዛ መጣች።

«ይችን እጅዎ ላይ ይሰሩ። ሲንቀሳቀሱ ስንት ካሎሪ እንዳቃጠሉ ትቆጥራለች።»

«ካሎሪ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የበሉት እህል ጉልበት። ሲሄዱ፣ ሲሠሩ ይነዳል።»

«እህሉን የሰጠ እግዚአብሔር፣ የሚቆጥረው ፈረንጅ! ደግ፣ እሰሪልኝ» አሉ።

ሰዓቷ የመጣችው የቀን ግቧን አምስት መቶ አድርጋ ነው። ብሥራት ግን «ይኼ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ግብ ነው» ብላ ሦስት ቀን እንደ ልማዳቸው እንዲውሉ ነገረቻቸው። አንድ መቶ ዘጠና፣ ሁለት መቶ ዐሥር፣ ሁለት መቶ ስድሳ ወጣ። «ግብ ከሚችሉት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት እንጂ ሰማይ ላይ አይሰቀልም» አለችና አራት መቶ ጠራች። መሪጌታ ሁለት መቶ ሃምሳ አሉ። እሷ አልቀንስም፣ እሳቸው አልጨምርም ሲሉ፣ ሁለቱም እንደ ገበያ ሰው ተነሥተው ሄድ መለስ ሲሉ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ ተጨባበጡ።

ውላቸው ይህ ነው፦ ከጥቅምት ሃያ እስከ ኅዳር ዐሥር፣ ሃያ አንድ ቀን ሳያቋርጡ ግቡን መምታት። ግቡ በተመታ ቁጥር ሰዓቷ አንዲት ኮከብ ትሰጣለች፤ አንድ ቀን ከጎደለ ኮከቦቹ በሙሉ ድርግም ብለው ይጠፋሉ። ሃያ አንዱ ከሞላ ብሥራት ራሷ ጀልባ ይዛ አብራቸው ትሻገራለች። ካልሞላ ዘንድሮ ደቅ የለም፤ መሪጌታም አፋቸውን ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ።

ውሉ በተጀመረ ዕለት ጠዋት መሪጌታ የሰዓቷን አንድ ነውር ሊያርሙ ተነሡ። ሦስት ቀን ታግሠዋት ነበር፤ አሁን ግን በቃቸው። ጊዜው አንድ ሰዓት ሆኖ ሳለ እሷ ሰባት ትላለች! «ይችማ ገና አልተጠመቀችም» ብለው ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ስድስት ጊዜ ተጭነው አንድ ሰዓት ላይ አቆሟት። ከዚያ ወዲህ ማታ ልክ አሥራ ሁለት ሲሞላ ቁጥሯ ጥርግ ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። መሪጌታ ይህን ሲያዩ ጭራሽ ወደዷት። «አስተዋይ ናት፣ ቀን ማለት ፀሐይ እስክትገባ መሆኑን ታውቃለች» እያሉ ያመሰግኗት ጀመር።

ከዚያ በኋላማ ማን ያስቀምጣቸው! ተማሪዎቻቸውን ከተቀመጡበት አስነሥተው በሐይቁ ዳር እየሄዱ ዜማ ያስጠናሉ። ገበያ በቀን ሁለቴ ይመላለሳሉ፤ ጠዋት ለሽንኩርት፣ ከሰዓት ለጨው። ባለቤታቸው እናትዓለም «ኧረ እኔ ጨው አልጎደለብኝም!» ቢሉ የሚሰማ የለም። ማታ ማታ አሥራ ሁለት ሊሆን ሲል ለብሥራት እየደወሉ «ሦስት መቶ ስድሳ ሁለት! በይ ቅጅው!» ይላሉ። ቀበቷቸው አንድ ቀዳዳ ገባ። ጉልበታቸው ሲነሡ ይጮህ ነበር፣ ተወው። አሥር ኮከብ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ! ትናንት ማታ ሃያኛዋ ስትበራ መሪጌታ በስልኩ ውስጥ እልል አሉ።

ይኸው ዛሬ፣ በመጨረሻዋ ቀን፣ ጎረቤታቸው አስናቀ እናቱን ቀበረ። ቀብር ሄደው ተመለሱ፤ አንድ መቶ አርባ ስምንቷ ከዚያ የመጣች ናት። ከዚያ ወዲያ ድንኳን። መሪጌታ ተነሥቶ ቢሄድ ማን ይጸልይ፣ ማን ያሰናብት? ከፊት ተቀምጠው ዋሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጸሎቱን አሳርገው፣ አስናቀን «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለው አቅፈው ከድንኳኑ ወጡ። ጥግ እስኪታጠፉ ቀስ አሉ። ከታጠፉ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ መቋሚያቸውን ጨብጠው ወደ ሐይቁ ፈረጠጡ።

የቀራቸው አንድ ሰዓት። የጎደላቸው ሁለት መቶ ሁለት ካሎሪ።

ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየተንደረደሩ ሄዱ። ሰዓቷ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት አለች። ልባቸው ድው ድው ይላል፤ በጣታቸው ቢያሰሉት፣ ቢደምሩት አይደርስም። «በዚህ አካሄድ ደጃፉ ላይ ልቀር ነው!» አሉ ጮክ ብለው። በአጠገባቸው የሚያልፉ ባልና ሚስት ዞር ብለው አዩዋቸው።

ያን ጊዜ መቋሚያውን አዩት። ወረብ! አንድ ሐሳብ መጣና ወዲያው ተቆጡት። ወረብ ለካሎሪ? ወግድ! ምስጋና እኮ ነው! ትንሽ እንደ ሄዱ ግን ሐሳቡ በሌላ በር ተመልሶ ገባ። ነገ ሌሊት የሚወርቡትን ዛሬ ቢለማመዱት ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? እንዲያውም ሳይለማመዱ ደቅ መግባት ነው ድፍረት። ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ቆሙ፤ ወደ ደሴቲቱ ዞረው አማተቡ፤ «ሚካኤል፣ ሐሳቤን አንተ ታውቃለህ» አሉና ጀመሩት።

በዝግታ ነው የተነሡት። መቋሚያው ግራ ዘመም፣ ቀኝ ዘመም፤ ጉልበት እጥፍ፣ ትከሻ ከፍ። ዜማው ሲፋጠን እሳቸውም ተፋጠኑ። ላቡ ከግንባራቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። ዓምና ዘፍ ያሉባት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ ያችው ወረብ፣ ያችው ዙር፣ መቋሚያቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ፈሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው አለፏት። አለፏት! «ተመስገን!» ብለው ጮሁና ወረቡን አፋጠኑት።

ሲሮጡ የነበሩ የፔዳ ተማሪዎች ቆመው ያጨበጭቡ ጀመር።

«ጭብጨባውን ተዉና አሸብሽቡ! በወግ!» ብለው ተቆጧቸው።

ተማሪዎቹ መስመር ይዘው አሸበሸቡ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ደርሰው እልልታውን ለቀቁት። መሪጌታ ላቡ ዓይናቸው ገብቶ ቁጥሩን ማየት ተሳናቸው፤ ክንዳቸውን ወደ አንዲት ተማሪ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ስንት ትላለች?»

«ሦስት መቶ ሁለት፣ አባቴ!»

አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ዙሩ ከረረ፣ ዋርካው ሥር አቧራ ጨሰ።

«ሦስት መቶ ሃያ አንድ!»

«ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት! በርቱ አባቴ!»

«ሦስት መቶ አርባ አንድ! አሁንም ሦስት መቶ አርባ አ...»

ልጅቱ አፏን ያዘች። «ዜሮ አለች» አለች በቀጭን ድምፅ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሞልቷል። ሃያውም ኮከብ የለም። እልልታው ቆመ፤ ምን እንደሆነ ግን የገባው የለም። መሪጌታ ዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ! ዘጠኝ ካሎሪ! ለጨው አንዴ ቢመላለሱ የምትገኝ ነገር። ዕንባቸው መጣ፤ ላብ አስመስለው በነጠላቸው ጠረጉት።

«አባየ።»

ቀና ሲሉ ብሥራት ናት። ለቅሶ ቤት ብታጣቸው ልትፈልጋቸው መጥታ ኖሯል። ሰዓቷን ፈትተው እጇ ላይ አኖሩላት።

«ውል ውል ነው። ዘጠኝ ጎደለችኝ። አልሻገርም።»

ብሥራት ሰዓቷን አየች፤ ስልኳን አየች፤ ደግማ ሰዓቷን አየች።

«አባየ፣ ይችን ሰዓት ማን ነካት?»

«እኔ ነኛ! የፈረንጅ ሰዓት ትቆጥር ነበር፣ አቃናኋት። ስድስት ጊዜ ነው የተጫንሁት።»

«ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በእኛ ሰዓት ነው የሠራች?»

«አንቺስ ስታይያት አልነበር?»

«እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ሦስት ስትል ምኑ ይገርመኛል?» ብሥራት ሳቋ አመለጣት። «አባየ፣ እሷ ቀን የምትለውጠው በፈረንጅ እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። እርስዎ ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ስለገፏት ነው ጀምበር ስትጠልቅ የምትለውጠው። ዛሬ ገና አላለቀም። ስድስት ሰዓት ሙሉ አለዎት! ተነሡ፣ ዘጠኟን እንጨርሳት!»

መሪጌታ አልተነሡም። «ቀኑማ መሽቷል። ለራሴ ሲሆን ጊዜ ላስረዝም? ሌላው ቀን ሃያ አራት ሰዓት፣ የዛሬው ሠላሳ? አይሆንም።»

«ወደ ፊት ሲገፏት የመጀመሪያውን ቀን በስድስት ሰዓት አሳጥረውታል እኮ! ያን ዕለት አሥራ ስምንት ሰዓት ብቻ ነው የተቆጠረልዎ። ያ የጎደለው ነው ዛሬ የሚሞላው። በቁጥር አይከራከሩኝ፣ እንጀራየ ነው።»

መሪጌታ በጣታቸው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። ከዚያ እንደ ጎረምሳ ከድንጋዩ ላይ ብድግ አሉ።

«እሰሪልኝ!»

ወደ ጀልባ መቆሚያው አመሩ። ሦስት። ብሥራት ክንዳቸውን ይዛ እየሄደች ትቆጥራለች፤ የፔዳ ተማሪዎች ከኋላ ይከተላሉ። አምስት። «ቀስ ይበሉ፣ ይደርሳል!» «ዝም በይ፣ ቁጠሪ!» ሰባት። ጀልባ ነጂው ገድሉ ገመዱን ሲያስር ይህን ሁሉ ሰው ሲመጣ አይቶ የተጣላ መስሎት ቀጥ ብሎ ቆመ። ስምንት። መሪጌታ ከመቆሚያው እንጨት ላይ ወጡ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ።

«ዘጠኝ!» ብሥራት ጮኸች። «ዘጠኝ፣ አባየ! ሦስት መቶ ሃምሳ!»

እልልታው ሐይቁን ሞላው። መሪጌታ ገድሉን አቅፈው ሳሙት፤ ምስኪን ገድሉ ለምን እንደተሳመ አያውቅም። «ነገ ደቅ ታሻግረናለህ! እኔንም ልጄንም!» አሉት።

«ይሁን። አንድ ሰዓት ላይ እንነሣለን።»

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ብሥራት አባቷን ደግፋ ትንሽ ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«አባየ፣ ባይሞላም እወስድዎት ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ቅድም ከዋርካው ወዲያ ቆሜ ሳይዎት ነበር። ዓምና የወደቁባት ዙር ላይ ሲደርሱ እጄን ዘርግቼ ወደ እርስዎ ተንደረደርሁ። አልወደቁም። አለፏት። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ረሳሁት።» ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈትታ አለበሰቻቸው። «እኔ የምፈልገው ኮከብ አልነበረም፣ ይህንን ማየት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ለዘጠኝ ካሎሪ አስለፋሽኝ?»

«እርስዎ ዘጠኝ ጎድሎብዎት ማኅሌት ይቆማሉ?»

«አልቆምም ነበር» አሉ መሪጌታ። የልጃቸውን ራስ ወደ ትከሻቸው ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሙና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት አዘገሙ። ሰዓቷ በነጠላው ሥር መቁጠሯን ቀጥላለች፤ ስንት እንደደረሰች ግን ያየላት የለም።