የተፋቀው ቼክ

በ1974 ዓ.ም. የኮምቦልቻው የልብስ ስፌት ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ሐዋ ነበረች። ለአንድ ክር አቅራቢ የሦስት መቶ ብር ቼክ ጽፋ ሰጠችው። ሰውየው «መቶ» የሚለውን በምላጭ ፍቆ «ሺህ» ጻፈበት፤ በአኃዙም ላይ ዜሮ ጨመረ። ባንኩም ከፈለው። እኛ የሰማነው ሰውየው ከጠፋ በኋላ ነው።

ቀበሌው ሐዋን አሰራት። በዚያ ዘመን የሕዝብ ገንዘብ አጎደለች መባል ለነፍስም ያሰጋ ነበር። ስንቅ ስናደርስላት፣ «ወላሂ፣ የጻፍኩት ሦስት መቶ ነው» ከማለት በቀር ቃል አይወጣትም። እኛም አምነናት ባንኩን ደሴ ፍርድ ቤት ከሰስን።

የባንኩ ጠበቃ፣ «ገንዘብ ያዥዋ ቼኩ ላይ ክፍት ቦታ ትታለች፤ ጥፋቱ የደንበኛው ነው» ብሎ ተከራከረ። ለዚህም የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ወርቅአፈራሁን፣ በምስክርነት አቀረበ። ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሲገቡ ስናይ ተስፋችን ተሟጠጠ።

እሳቸው ግን ቼኩን ለዳኛው አቀረቡና፣ «ወደ መስኮቱ ያዙት። የተፋቀው ጋ ወረቀቱ ሳስቷል። ልጅቷ ክፍት ቦታ አልተወችም። ይከፈል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ማየትም የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ።

ጠበቃው ደንግጦ፣ «የባንኩ ምስክር መሆንዎን ዘነጉት?» አላቸው።

«አልዘነጋሁም። ደንበኛ ያላዘዘውን የከፈለ ባንክ የከፈለው ከራሱ ኪስ ነው።»

ዳኛው ባንኩ ገንዘቡን ወደ ሒሳባችን እንዲመልስ ወሰኑ። ሐዋም ተፈታች። በማግስቱ አቶ ወርቅአፈራሁን ልታመሰግን ባንክ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ።

«ጋሼ፣ አላህ ውለታዎን ይክፈልዎ» አለች፣ እንባዋ እየቀደማት።

«የምን ውለታ፣ ልጄ? እኔ በፈረምኩት አንቺ ታሰርሽ። ይቅር በይኝ» አሏት፣ ከወንበራቸው ተነሥተው።

አለቆቻቸው ግን ይቅር አላሏቸውም። ከሥራ አስኪያጅነት አንሥተው ደሴ ላይ ተራ ገንዘብ ከፋይ አደረጓቸው። ይህን የሰማን ዕለት ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሐዋ ሐሳብ አቀረበች፤ የተቃወመ አልነበረም። ሒሳባችንን ወደ ደሴ አዛወርን። ኮምቦልቻ ላይ ባንክ ደጃችን እያለ፣ የሐረጎን ዳገት እየወጣን በአቶ ወርቅአፈራሁ መስኮት እንሰለፍ ነበር።