የአርባ ሦስት ሰዎች ልደት

ስልኩ ለአራተኛ ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ሙሉነህ ዓይኑን ከሜዳው ላይ አላነሳም። ወርዋሪው ሮጦ መጣ። ኳሷ መሬት ነጥራ ስትነሳ የመቺውን ዱላ ጠርዝ ነካችና ሣሩ ላይ እየተንከባለለች ከድንበሩ ወጣች። ዳኛው ክንዱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘ፤ አራት ነጥብ ማለት ነው። ሙሉነህ ማየቱን ለማሳወቅ እጁን አነሳ። እንደ እሱ ያለ ነጥብ መዝጋቢ እጁን ካላነሳ ዳኛው ጨዋታውን አያስቀጥልም። ከዚያ በእርሳሱ ትንሿ ሳጥን ውስጥ አራት ቁጥርን ጻፈ።

«አራት» አለ።

«አራት» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሚስተር ራምዲን፣ እሳቸውም በራሳቸው መዝገብ ላይ እየጻፉ።

ሚስተር ራምዲን ከጉያና የመጡ ጡረተኛና የተጋጣሚው ቡድን መዝጋቢ ናቸው። በክሪኬት ሁለቱ መዝጋቢዎች በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከየስድስቱ ውርወራ በኋላ ድምራቸውን ያመሳክራሉ። ተጫዋች ቢጎዳ ይቀየራል። መዝጋቢ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ከወንበሩ አይነሳም። ሌላ ቀን ሙሉነህ ይህን ሕግ ይወደው ነበር፤ ዛሬ ግን በገመድ የታሰረ ያህል ተሰምቶታል። የሚደውሉት አሠሪው አቶ በየነ ናቸው።

ክሪኬት የሚባል ጨዋታ መኖሩን ያወቀው ወደዚህ አገር መጥቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ በተባለ ሰፈር ቤት ከተከራየ በኋላ ነው። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ መስኮቱ ቁልቁል ሲያይ፣ ጎረቤቶቹ ከሥራ መልስ መኪና ማቆሚያው ላይ በፕላስተር የተጠቀለለች የቴኒስ ኳስ ሲወረውሩና ሲመቱ ያመሹ ነበር። በጋውን ሙሉ ቢያይ ምንም አልገባው አለ። ሙሉነህ ደግሞ ያልገባውን ነገር ትቶ ማለፍ አያውቅበትም። ወርዶ ዙበይር የተባለውን የቡድኑን አለቃ ሕጉ የተጻፈበት መጽሐፍ እንዲያውሰው ጠየቀው። ዙበይር ከት ብሎ ሳቀ፤ ላሆር ተወልዶ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሲጫወት እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይቶ አያውቅም። ሙሉነህ ሕጉን ከኢንተርኔት አውርዶ አርባ ሁለቱንም አንቀጽ አነበበ። ለመምታት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ለመወርወር ሞከረ፣ ኳሷ የሰው መኪና መስታወት ላይ አረፈች። በሦስተኛው ቅዳሜ ዙበይር የነጥብ መዝገቡንና እርሳስ ሰጠው። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው።

በሥራ ቀን የኮምፒውተር ኮድ ይጽፋል። የአቶ በየነ ቢሮ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ሥራቸው ለአገር ሰው የኢሚግሬሽን ቅጽ የሚያስሞላ ድረ ገጽ ነው፤ ሰው ጥያቄውን በአማርኛ ይመልሳል፣ ድረ ገጹ መልሱን በእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ ያሰፍርለታል። ከሁሉ ሰው የወደደው የቀን መቀየሪያውን ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፉትን ልደት በፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ ያስቀምጣል። የጻፈው ሙሉነህ ነው።

የሥራ ፔርሚቱ ላይ ያለው የዚህ ቢሮ ስም ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ቀን እንኳ መሥራት አይችልም። ፔርሚቱ በሚመጣው መስከረም ያልቃል፤ ለማሳደስ የአቶ በየነ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። የባለቤቱ የእሌኒ ፈቃድ በእሱ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፣ የሕክምና ካርዷም እንደዚሁ። እሌኒ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ትናንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋናዬ የምትባል ሴት ቢሮ መጣች። የአረጋውያን ቤት ሠራተኛ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ልጇን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ያስገባችው ማመልከቻ ከአሥራ አራት ወር በኋላ ተመልሶባታል። ቅጹ ላይ የልጅቷ ልደት ኖቬምበር ሃያ አንድ፣ 2003 ይላል። በኋላ የወጣላት ፓስፖርት ደግሞ ሃያ ሁለት ይላል። እንደ አዲስ ታስገባ ተብላለች፤ ወረፋውም እንደ አዲስ ይጀምራል።

አቶ በየነ በትሕትና አስቀመጧት፣ ውኃ አቀረቡላት፣ ስትሞላ ተሳስታ እንደሚሆን ነገሯት።

«እኔ የጻፍኩት ሕዳር አሥራ ሁለት ነው» አለች። «የወለድኳት በሕዳር ሚካኤል ነዋ። ቅዳሜ ቀን፣ እናቴ ከንግሥ ሳትመለስ።»

«ሕዳር ሚካኤል መቼም ቢሆን ኖቬምበር ሃያ አንድ ነው፣ እህቴ። እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት አክብሬዋለሁ። እንግዲህ ወይ ፓስፖርቱን የጻፈው ተሳስቷል፣ ወይ አንቺ።»

ፋናዬ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «እኔ ሆኜ ይሆናል» አለችና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሙሉነህ በተከፈተው በር በኩል ሰምቷታል።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ የ2003ን ካላንደር ከፈተ። ኖቬምበር ሃያ አንድ ዓርብ ነው። ቅዳሜው ሃያ ሁለት ነው።

ስህተቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በማግሥቱ የሚብተው አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ሳይሆን አሥራ ሁለት ላይ ይውላል። ከዚያ እስከ የካቲት ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል፤ ሕዳር ሚካኤልም አብሮ ይገፋል፤ የፋናዬ ልጅ የተወለደችውም እንዲህ ባለ ዓመት ነው። ሙሉነህ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ኮዱን ሲጽፍ ግን መስከረም አንድን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር አሥራ አንድ ላይ ተክሎታል። በአሥራ ሁለት የልደት ቀኖች ፈትኖት ነበር፤ በራሱ፣ በእሌኒ፣ በዘመዶቹ። አንዳቸውም እነዚያ ወራት ውስጥ አልወደቁም። አሥራ ሦስተኛ አልጨመረም።

የተመዘገበውን ሁሉ ፈተሸ። ቀናቸው የተዛባባቸው አርባ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ፓስፖርት ያልነበራቸው ሕፃናትና ሽማግሌ ወላጆች። እስካሁን የተመለሰው የፋናዬ ብቻ ነው፤ የአርባ ሁለቱ ፋይል ገና ተራ እየጠበቀ ነው። አሁን አንድ ገጽ የማስተካከያ ደብዳቤ ቢልኩ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ፋይሉ አንዴ ከተከፈተ ግን ዕጣቸው የፋናዬ ዕጣ ነው። ሙሉነህ ለአቶ በየነ ሦስት መስመር ኢሜል ጻፈ፤ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ሰዎቹ አርባ ሦስት ናቸው፣ መደወል አለብን። ከዚያ ለጨዋታው ወደ ሰኒብሩክ ሜዳ መጣ።

አምስተኛው ጥሪ አልመጣም። አቶ በየነ ራሳቸው መጡ። ከመኪና ማቆሚያው በኩል ሣሩን እየረገጡ፣ የተወለወለ ጫማቸውን እያዩ ወረዱ። ቅዳሜም ቢሆን ከረባት ያስራሉ። ሚስተር ራምዲንን ጎንበስ ብለው ሰላም አሏቸውና የውኃ ሳጥኑ ላይ ከሙሉነህ አጠገብ ተቀመጡ።

«ስልክ አታነሳም?»

«መዝጋቢ ስልክ አያነሳም ጋሼ። እስኪያልቅ መነሳትም አልችልም።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።»

«ሁለት ሰዓት» አሉ አቶ በየነ ሜዳውን እያዩ። «ነጭ ለብሶ ቆሞ ለመዋል። የእኛ ገና ምን አለው? ቢያንስ ይሮጣል።»

ሙሉነህ ፈገግ አለ። ወርዋሪው መጣ፣ ኳሷ ነጥብ ሳታስገኝ አለፈች፣ ሙሉነህ ሳጥኑ ውስጥ ነቁጥ አደረገባት።

«ኢሜልህን አየሁት» አሉ አቶ በየነ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካላንደሩንም አየሁ። ዓርብ ነው።»

«ነው።»

«ኮዱን አስተካክለው። ዛሬውኑ። ያለፈው ግን አልፏል።»

«አላለፈም ጋሼ። አርባ ሁለቱ ተራ ላይ ናቸው።»

«አንድ ቀን ናት። ኢሚግሬሽኖቹ ሁሉንም ልብ አይሉት ይሆናል።»

«የወይዘሮ ፋናዬን ልብ ብለዋል።»

አቶ በየነ ከረባታቸውን አላሉ። ከዚያ ረጋ ብለው ማስረዳት ጀመሩ። በሱዳን በኩል እንዴት እንደመጡ፣ ስንት ዓመት ሰሐን እንዳጠቡና ታክሲ እንደነዱ፣ ሰው ወረቀቱን ሁሉ በፖስታ ጠቅልሎ ለእሳቸው የሚሰጠው በየነ አይሳሳትም ስለሚባል ብቻ መሆኑን። ለአርባ ሦስት ሰው ከተነገረ፣ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ለአራት መቶ ሰው ይነገራል። ቢሮው ተዘጋ ማለት ነው። ቢሮው ሲዘጋ ደግሞ የሙሉነህ ፔርሚት ምን እንደሚሆን እሱ ራሱ ያውቀዋል። ይህን የተናገሩት ለማስፈራራት አልነበረም፤ እንደ ሒሳብ አስልተው ነው። ሙሉነህ ውሸት ነው ሊላቸው አልቻለም። በበረዶ ቀን ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብለው የራሳቸውን ካፖርት ያለበሱት እኚሁ ሰው ናቸው።

አቶ በየነ ከውስጥ ኪሳቸው ነጭ ፖስታ አውጥተው መዝገቡ ጎን አስቀመጡ።

«የፔርሚትህ ሌተር ነው። ፈርሜዋለሁ። ሰኞ አስገባው።»

ሙሉነህ ፖስታውን አየ እንጂ አልነካውም።

«በውለታ ልይዝህ አይደለም» አሉ። «አምንሃለሁ። ይኸው ነው።»

ቢያስፈራሩት ይቀለው ነበር። ለሚያስፈራራ ሰው መልስ አይጠፋም፤ ለሚያምን ሰው ምን ይባላል?

«ሙሉ፣ ስንት አለህ?» አሉ ሚስተር ራምዲን በእንግሊዝኛ። ስድስቱ ውርወራ አልቆ ነበር።

«መቶ አሥራ ሰባት።»

«እኔ መቶ አሥራ ስምንት።»

ሙሉነህ መዝገቡን ወደ ራሱ ሳበ። ኳስ በኳስ ወደ ኋላ ተመልሰው ፈተሹ። አንዲቱ ውርወራ ከመስመር ወጥታ ዳኛው ሁለት እጁን ዘርግቶ ነበር፤ አንድ ነጥብ ማለት ነው። እሱን ግን ፖስታውን ሲያይ አምልጣዋለች። እጅ ያነሱት ሚስተር ራምዲን ብቻ ነበሩ።

«በሁለት ዓመት የመጀመሪያ ስህተትህ ነው» አሉት ሽማግሌው። «የእኔን ብዛት ብነግርህ እርሳሱን ትነጥቀኛለህ።»

አቶ በየነ ተነሱ። መኪና ውስጥ እንደሚጠብቁት፣ ሲያልቅ ቤቱ እንደሚያደርሱት ነገሩት። ሱሪያቸውን አራግፈው ዳገቱን ወጡ።

የዙበይር ቡድን በሃያ አንድ ነጥብ ተሸነፈ። መዝገቡ ላይ ከሚስተር ራምዲን ጋር ተፈራርመው እንደጨረሱ ሙሉነህ ከዛፎቹ ሥር ሄዶ ለእሌኒ ደወለ። ጠዋት ኢሜሉን ሲጽፍ ከጀርባው ቆማ አንብባዋለች፤ አሁን ስለ ፖስታው ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ታዲያ ምን አሰብክ?»

«ሰኞ ሌተሩን አስገብቼ፣ ከዚያ በኋላ ብናገርስ? ላንቺና ለልጁ ስል ነው እንጂ…»

«ሙሉነህ» አለችው። «ዝም ማለት ከፈለግክ ዝም በል። በእኔ ሆድ ግን አታመካኝ።»

ሙሉነህ ጀርባውን ዛፉ ላይ አስደገፈ።

«ማመልከቻዋ የተመለሰባት ሴትዮ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» አለች ቆይታ።

«ስምንት። ሕዳር ላይ ዘጠኝ ትሞላለች።»

እሌኒ በረዥሙ ተነፈሰች። ሲመጣ ዳቦ እንዲገዛ፣ ቤት ያለው ማለቁን ነገረችውና ዘጋች።

የአቶ በየነ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ቆሟል። ሙሉነህ በሩን አልከፈተም። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ ብሎ ፖስታውን ዘረጋላቸው።

«ይህን ያቆዩልኝ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ዛሬ ለሰዎቹ ልደውልላቸው ነው። ይህን ኪሴ ከትቼ ብደውል አታለልኩዎት ማለት ነው።»

አቶ በየነ ፖስታውን ሳይቀበሉ አዩት። «ሰኞ ስትመጣ ሐሳቤን ቀይሬ ብጠብቅህስ?»

«ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ።»

«ማን ነው የተሳሳተው ልትላቸው ነው?»

«እኔ ነኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«በሩ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፣ ልጄ።»

ሙሉነህ ክንዱ እስኪዝል ፖስታውን ዘርግቶ ቆየ። በመጨረሻ አቶ በየነ ተቀበሉት፤ አጠገባቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጡት። አደርስሃለሁ ያሉትን አልደገሙም። መኪናው ቀስ ብሎ ዞሮ ወጣ።

ኤግሊንተን መንገድ ላይ ያለው ፌርማታ ባዶ ነበር። ሙሉነህ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣና ዝርዝሩን ከፈተ። በስም ቅደም ተከተል ነበር ያስቀመጠው፤ አሁን ማመልከቻው በገባበት ቀን ደረደረው። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይከፈታል። ፋናዬ ሥራ ላይ ናት፤ ፈረቃዋ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲያልቅ ይደውልላታል። ከዝርዝሩ ራስ ላይ የተቀመጡት ለአባታቸው ያመለከቱ ያለምወርቅ የሚባሉ ሴት ናቸው። አይቷቸው አያውቅም። ቁጥሩን ሁለቴ አመሳክሮ ደወለ።

አራት ጊዜ ጠራ። በዚያው መሐል አውቶቡሱ ከማዶ ታየ፤ ቅዳሜ ነውና ከዚህ በኋላ የሚመጣው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያስጠብቃል። ደርሶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ውስጡ እስከ በሩ ድረስ ሰው ሞልቶታል።

«ሃሎ? ማን ልበል?» አለ በስልኩ ውስጥ የደከመ የሴት ድምፅ።

ሹፌሩ ቅንድቡን አንስቶ ጠበቀው። ሙሉነህ ሂድ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠውና ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አደላደለ።

«ሙሉነህ እባላለሁ፣ ወይዘሮ ያለምወርቅ» አለ። «አጠገብዎ እስክሪብቶ ይኖራል? ካልያዙ እጠብቃለሁ።»