በሞንቴ ጄናሮ ላይ የተነገረ መርዶ

በ1970 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ እሑድ ጠዋት፣ ሦስት ሐበሾች ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ በባቡር ተሳፍረው ተራራ ሥር ባለችው ማርቼሊና ወረዱ። የሚመራቸው መብራቱ ነበር። ከዓዲግራት መጥቶ ሮም ለቅስና የሚማር ወጣት ሲሆን፣ ትምህርት በማይኖርበት ቀን ካርታ ተውሶ ተራራ መውጣት ይወዳል። ሁለተኛዋ ሣባ ናት፤ በአንዲት ሲኞራ ቤት የምትሠራ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚታወቅ የአዲስ አበባ ልጅ። ሦስተኛው ትራቶሪያ በሚሉት ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን የሚያጥበው ግዛቸው ነው። ግዛቸው በዚያ ጠዋት የሣባን ወንድም መርዶ በሆዱ ይዞ ነበር።

መርዶውን ያመጣለት ዓለሙ የሚባል ሰው ነው። ከእስር ተፈቶ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ወደ ጀርመን ሲያልፍ ሮም ውስጥ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ተገናኙ።

"ተኪኤን በመጋቢት ስሙን ጠርተው አወጡት" አለው። "ከእኛ ክፍል የወጣው አሥራ አራት ሰው ነበር። ሹራቡን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና ወጣ። እህቱ እዚህ አለች አሉ። እኔ አልችልም፤ አንተ ንገራት።"

ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ቀን አልፏል። ግዛቸው ያኔውኑ ወይዘሮ አሰለፈች ዘንድ ሊሄድ አስቦ ነበር። ኤስኲሊኖ ሰፈር የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሮም ውስጥ ሐዘን ሲመጣ ሰው ሰብስበው በወጉ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን በዚያው ቀን ሣባ ራሷ ሥራ ቦታው ድረስ መጣችበት።

"የተኪኤን የመግቢያ ወረቀት ልጀምርለት ነው" አለችው፤ ፊቷ በርቷል። "ሲኞራዬ ልትፈርምልኝ ነው። ጣሊያንኛህ ከእኔ ይሻላል፤ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ አብረኸኝ ሂድ።"

ግዛቸው ስድስት ወር ሙሉ ከእሷ ጋር ብቻውን የሚሆንበትን ቀን ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ሄደ። በማግስቱ ሐሙስ ተሰለፉ፤ በሚቀጥለውም ሐሙስ ተሰለፉ። ከሰልፉ ሲወጡ ክንዱን ይዛው በእግር እየተጨዋወቱ ተመለሱ። ነገ እነግራታለሁ እያለ ቀን ገፋ።

ተራራው ነጭ ድንጋይ የበዛበት ነው። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ደፍርሷል፤ ነፋስ የለም፤ ወበቁ አንገት ያንቃል። ሣባ የሲኞራዋን ልጅ ጫማ ሁለት ካልሲ ደርባ አጥልቃለች። ከሁሉ ፊት ፊት እየሄደች፣ "ምነው፣ ሽማግሌዎች!" እያለች ትስቅባቸዋለች። ግዛቸው ከኋላ ላቡን እየጠረገ ይከተላል። መብራቱ ስለ ደከመው መስሎት ውሃ ደጋግሞ ያቀብለው ነበር።

የመጀመሪያው ጫፍ ሞንቴ ሞራ ነው። ሲደርሱ ሮም በጭጋግ ውስጥ እንደ ፈሰሰ አመድ ሆና ከታች ታየች። ሣባ ድንጋይ ላይ ቆማ ቁልቁል አየች።

"ተኪኤን እዚህ አመጣዋለሁ" አለች። "እንጦጦን በሩጫ ነበር የሚወጣው። እናንተንማ ጥሏችሁ ነው የሚሄደው። አይደለም ግዛቸው?"

"አዎ" አለ ግዛቸው። ሰው እንዲህ እየሳቀ እንዴት ብለው ያረዱታል? ለራሱ የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር። እውነቱን ግን ያውቀዋል፤ ከነገራት በኋላ ያ ክንድ ወደ ክንዱ አይመለስም።

ከሞራ ወርደው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አቋረጡ። ከጫካው ሲወጡ ፈረሶች የሚግጡበት ሰፊ ሜዳ ተዘረጋ። ወደ ሁለተኛው ጫፍ ወደ ዛፒ ሲያቀኑ ጉም ወረደባቸውና አሥር እርምጃ ፊታቸው ያለው ዛፍ እንኳ ጠፋ። ጫፉ ላይ ከተከመረ ድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ዳቦና እንቁላላቸውን አውጥተው በሉ። ግዛቸው ግን ድርሻውን ሳይነካ መልሶ ጠቀለለው። ሣባ ጃኬቷን ልትለብስ ራቅ ስትል መብራቱ ጠጋ አለው።

"አመመህ እንዴ?"

ግዛቸው ነገረው። በሹክሹክታ፣ ከዓለሙ ጀምሮ እስከ ሰልፉ ድረስ ሁሉንም አወጣው። መብራቱ የያዘውን ዳቦ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ።

"አሥራ አንድ ቀን?"

"በሰው መሐል ይሻላል ብዬ..."

"ታዲያ ለወይዘሮ አሰለፈች ነገርካቸው?"

ግዛቸው የእንቁላሉን ቅርፊት ከድንጋዩ ላይ ይለቅም ጀመር።

"እንመለስ" አለ መብራቱ። "ዛሬውኑ ለእሳቸው እንነግራለን። እዚህ እንዳትነግራት። እህል እንኳ በቅጡ አልበላችም፤ መንገዱ ሩቅ ነው።"

ሣባ ግን መመለስን አልሰማ አለች። "አሎራ፣ እንግዲህ አንድ ጫፍ ቀርቶን?" ብላ ቀድማ ወደ ጄናሮ መንገዱን ያዘች። ጉም ውስጥ ለብቻዋ ሊለቋት አይችሉምና ተከተሏት።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሽቅቡ ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ድንጋዩ አንሸራተተ። መብራቱ የመውረጃውን መንገድ ሊያይ ቀድሟቸው ጫፉን አልፎ ሄደ። ሣባና ግዛቸው ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እዚያ ከቆመ የግንብ ምሰሶ ሥር ተጠለሉ። ሣባ ሲበርዳት እጇን እጁ ውስጥ ከተተች።

"እኔና አንተ እኮ" አለች ቀስ ብላ፣ "ተኪኤ ይምጣና... እሱ ይመርቀን። ሌላ ወንድ ዘመድ የለኝም።"

ግዛቸው እጁን ነጠቀ። ሳያስበው ነው የነጠቀው። እሷም ዞራ ፊቱን አየችው።

"ምን ሆኗል?" አለች። "ግዛቸው፣ ተኪኤ ምን ሆኗል?"

"ሣባዬ..."

"ሞቷል?"

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

አልጮኸችም። ጠጉሯ ላይ ዝናቡ እየወረደ፣ "መቼ?" አለች።

"በመጋቢት።"

"አንተ መቼ ሰማህ?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። ደከመውና እውነቱን ተናገረ። "ካለፈው ሳምንት በፊት፣ ረቡዕ።"

ሣባ ቀኑን በጣቷ ቆጠረች። "እኔ ሥራ ቦታህ የመጣሁ ዕለት ነው።"

"አዎ።"

"በማግስቱ ስንሰለፍ ታውቅ ነበር። የልደት ቀኑን ሲጠይቁኝ አንተ ነህ ለሰውየው ያስተረጎምክልኝ።" ድምጿ ያኔ ተሰበረ። "ለሞተ ሰው ወረቀት አሰለፍከኝ! እየሳቅሁ!"

ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ደረቷን ደቃች፤ ከጭቃው ላይ ወደቀች። ግዛቸው ሊያነሣት ሲያጎነብስ በሁለት እጇ ገፋችው። መብራቱ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ተመለሰ። አጠገቧ ጭቃው ላይ ተቀምጦ አብሯት አለቀሰ።

ቁልቁለቱን የወረደችው በመብራቱ ትከሻ ተደግፋ ነው። ግዛቸው የሦስቱንም ቦርሳ ተሸክሞ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላ ተከተለ። በባቡሩም ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ለቅሶው ወይዘሮ አሰለፈች ቤት ሦስት ቀን ሆነ። ግዛቸው ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ ለመጣው ሰው ሁሉ በር ከፈተ። ወይዘሮ አሰለፈች በሦስተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ ጠሩት።

"ሐዘኑ የእሷ ነበር፣ ልጄ" አሉት። "ወንድሟ ከሞተ በኋላ የቀራት ሐዘኑ ብቻ ነው። እሱንም አሥራ አንድ ቀን ወሰድክባት።"

ግዛቸው ውሃ ሊቀዳ ተመለሰ።

መስከረም ላይ ሣባ ልካ አስጠራችው። ዓለሙ ያለውን ሁሉ ከግዛቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ ብላ ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ባሉበት ተቀመጡ። ጥቁር ለብሳ፣ ከስታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አዳመጠችው። ግዛቸው የሰዎቹን ቁጥር፣ ወሩን፣ ሹራቡን ሳይቀር ነገራት። ሹራቡ ላይ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች፤ አላቋረጠችውም።

ሲጨርስ ተነሣች።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው። "ስለ ደከሙልኝ አመሰግንዎታለሁ።"

ግዛቸው በአንቱታው ክው ብሎ ቀረ። ወይዘሮ አሰለፈችም ሰምተውታል፤ ወደ መስኮቱ ዞር አሉ። እሱ ቆሞ እጅ ነሣና ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሣባ በሩን ከኋላው በቀስታ ዘጋችው።