እንጉዳይ ለቃሚ አይጠየቅም

በእኛ ሸለቆ እንጉዳይ ሊለቅም የወጣን ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ከተጠየቀ ቀኑ ተበላሸ፤ ቢሄድም ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። በወደቀ የኩኩዪ ዛፍ ግንድ ላይ የሚበቅለው ያ ጆሮ የመሰለ እንጉዳይ ወሬ ይሰማል ይባላል። እኔ አላምንም፤ ግን አልጠይቅም።

አጎቴ ኬአዌ ያምናል። ቅዳሜ የልጅ ልጁ ሌሁዋ አንድ ዓመት የምትደፍንበት ድግስ ነበር። በጎደሬ ቅጠልና በኮኮናት ወተት ለሚሠራው ዶሮ እንጉዳዩን የሚያመጣው ሁልጊዜ እሱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለቤተሰቡ የሚያደርገው ነገር ይኸው ብቻ ስለሆነ፣ ባዶ እጁን ከሚመጣ ጭራሽ ቢቀር ይመርጣል።

ማክሰኞ ዝናቡ አባርቶ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ ጎረቤታችን እትዬ ሃውናኒ ከበረንዳዋ ተጣራች።

«ኬአዌ! ወዴት ነው በጠዋቱ?»

አጎቴ ክው አለ። ከዚያ እየተነጫነጨ በረንዳዋ ላይ ተቀመጠ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ፓፓያ ቆርጣ ሰጠችው። ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። ሐሙስ በጓሮ በኩል ሹልክ ሊል ሲሞክር ዶሮ ቤቷ አጠገብ ቆማ ጠበቀችው። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ደንቡን አታውቅም አይባልም። እኔ በበኩሌ ደሜ ፈላ።

ዓርብ ጠዋት ስትጠይቀው አጎቴ ፈነዳ። እኔም ጩኸቱን ሰምቼ ሮጥኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በድዬሻለሁ? ነገ ድግስ ነው! ምን ይዤ ልቁም?»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም!»

«እንግዲያው ተቀምጠህ ጨርስ።»

ገብታ ትልቅ ሳፋ ይዛ ወጣች። እስከ አፉ እንጉዳይ ሞልቶታል።

«ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ነውር አይደለም እንዴ መጠየቅ?»

ሳቄ አመለጠኝ። አጎቴ በዓይኑ ገረፈኝ።

«አንተ ሳትነሳ ነው የለቀምኩት» አለች። «ጫካ ከገባህ እስከ ማታ አትመለስም። እኔ ደግሞ ቁርሴን ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል፣ ኬአዌ።»

«ታዲያ ‹ና› አትይኝም ነበር?»

«‹ና› ብልህ ትመጣ ነበር?»

አጎቴ መዋሸት አይችልበትም። ሳፋውን አየ፣ እሷን አየ።

«አልመጣም ነበር። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሰው ቤት መቀመጥ ይከብደኛል።»

«አሁንስ?»

አጎቴ ከረጢቱን ከትከሻው አወረደ፤ ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ የእንጉዳዮቹን ጠንካራ ጫፍ መቁረጥ ጀመረ።

«ወንበርሽን ወዲህ አምጪው» አላት ቀና ሳይል፤ «ይኼን ሁሉ ብቻዬን አልጨርሰውም።»