ከሞተሩ ውስጥ የሚያንኳኳው

የመምህር ውብሸት መኪና ጠዋት ሲነሳ ከሞተሩ ውስጥ ሰው ያንኳኳል። ሦስት ጊዜ ይመታል፤ ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ይደግምና «ቤቶች!» ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ ይተወዋል።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋራዥ ያላት ትርንጎ ይህን በገዛ ጆሮዋ ሰምታ፣ ማንኛውም መካኒክ የሚጠይቀውን ጠየቀች።

«ምን ዘይት ነው የሚጠቀሙት ጋሼ?»

«ወፍራሙን» አሉ ጡረተኛው መምህር።

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። የሞተሩን ሰንሰለት የሚወጥረው ዕቃ ጉልበት የሚያገኘው ከዘይቱ ግፊት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ ወፍራም ዘይት ቶሎ አይደርስለትም፤ እስኪደርስ ሰንሰለቱ ላልቶ ይንኳኳል። ስለዚህ ጥፋቱ ወይ የዘይቱ ነው፣ ወይ መወጠሪያው አልቋል። «ቤቶች!» የሚለው የየትኛው ምልክት እንደሆነ ግን አላወቀችም። ማወቅ ፈለገች።

ዘይቱን ገልብጣ ቀጭኑን ሞላች። መኪናው እዚያው አደረ። በማግስቱ ሲያስነሱት አንዴ ብቻ አንኳኳና «ቤ—» ብሎ ተቋረጠ።

«ዘይቱ ነው» አለች ትርንጎ። «መወጠሪያውም ትንሽ ደክሟል።»

መምህር ውብሸት አልተደሰቱም። «ወፍራሙን መልሺልኝ።»

«አንድ ቀን ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘልብዎታል። ያን ጊዜ ሞተሩም አይተርፍ፣ ውስጡ ያለውም ሰው አይተርፍ።»

መምህሩ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ታናሽ ወንድሜ አሥራደ ነው። አንኳኳቱን አውቀዋለሁ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተኳርፈን ሳለ፣ በዝናብ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ ዝም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። በቀጭኑ ዘይት ቶሎ ይሄድብኛል። በወፍራሙ ረዘም ላለ ጊዜ ያንኳኳል።»

«ታዲያ ምን ብለው መለሱለት?»

«ምንም። አፌ አልፈታ ይለኛል።»

ትርንጎ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አሰበች።

«ለነገ ጠዋት ብቻ ወፍራሙን እመልሳለሁ። ከዚያ መወጠሪያውን እቀይራለሁ። ያለችዎት አንድ ጠዋት ናት ጋሼ።»

በማግስቱ ኮፈኑን ከፍታ ቁልፉን አዞረች። ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፤ ከዚያ አንድ ጊዜ። «ቤቶች!» መምህሩ አንድ እርምጃ ቀረቡ። ደግሞ ተንኳኳ። ደግሞ። የሰንሰለቱ ጩኸት እየበረታ ሄደ፤ ትርንጎ ልታጠፋው ቁልፉን ያዘች። ያን ጊዜ መምህሩ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ግባ» አሉ። «ግባ ወንድሜ፣ ክፍት ነው።»

ማንኳኳቱ ቀጥ አለ። ሞተሩ ገና አልሞቀም ነበር።

ትርንጎ ቃሏን ጠብቃ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። አዲስ መወጠሪያ ገጠመች፤ ቀጭኑን ዘይት ሞላች። በማግስቱ ጠዋት ውጭ ቆማ፣ እጇን በመስኮት አስገብታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ኮሽታ ሳያሰማ ተነሳ።

«ሄደ ማለት ነው?» አሉ መምህሩ።

ትርንጎ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ባዶ ከነበረው ከጋቢናው ወንበር አጠገብ ያለው መስታወት ከውስጥ በኩል በትንፋሽ ጉም ለብሶ ነበር። በጉሙ መሃል መዳፍ የምታህል ቦታ፣ ከውስጥ፣ ቀስ እያለች ትጠረግ ጀመር።