የሳሌም በር

መምህርት ማኅደረማርያም ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ሥዕል ታስተምራለች። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት፤ ሥዕልን መጀመሪያ ያየችው አባቷ በሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ተማሪዎቿ ሠዓሊ ሲባል ድሮ የሞተ ሰው ብቻ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ዛሬ በሕይወት ያሉ ሠዓሊዎችን ሥራ በስልኳ እያሳየች፣ ከዚያ ተነሥተው የራሳቸውን እንዲሠሩ ታደርጋቸው ጀመር።

አንድ ቀን አሮጌ በሮችን እየሰበሰበ ትልልቅ ሥራዎችን የሚሠራ ወጣት ሠዓሊ አሳየቻቸው።

«ቲቸር፣ አሁንም አለ?» አለ ቃለ አብ።

«አለ እንጂ። ይሄኔ ምሳውን እየበላ ይሆናል።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ የየቤታቸውን በር በካርቶን እንዲሠሩ አዘዘቻቸው።

ልጆቹ ከየሱቁ ካርቶን ለምነው መጡ። ቤዚ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ሠራች፤ ቃለ አብ ደግሞ የግቢያቸውን የብረት በር ከነመጥሪያው። ሳሌም ግን ካርቶኗን ታቅፋ ሥራውን ሳትጀምር ተቀመጠች። ሳሌም ከእናቷ ጋር ከቀያቸው ተፈናቅለው ከመጡ ልጆች አንዷ ናት፤ የሚኖሩት ከከተማው ዳር፣ መጠለያ ውስጥ ነው።

ማኅደረማርያም አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ምነው ሳሌም?»

«እኛ በር የለንም።»

ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ አለች መምህርቷ በልቧ። «እንግዲያው የድሮውን ቤታችሁን በር ሥሪያ። ካልሆነም የምትመኚውን።»

ሳሌም ራሷን ነቀነቀች። «ያኛው ተቃጥሏል። እርስዎ ደግሞ የቤታችሁን ነው ያሉት። የእኛ መግቢያ ሸራ ነው፤ ሸራ ካገኘሁ እሠራለሁ።»

ማኅደረማርያም የጭነት መኪና ከሚነዳ ጎረቤቷ ያረጀ ሸራ ለምና አመጣችላት። ሳሌም በክፍሉ ጥግ ሁለት እንጨት አቆመችና ሸራውን በገመድ ሰቀለችው። የተቀደደውን በሲባጎ ጠቀመች። ከታች በኩል ጭቃ ቀባችው። ቤዚ ለምን እንደምታቆሽሸው ስትጠይቃት፣ «ዝናብ ሲዘንብ እንዲህ ነው የሚሆነው» አለቻት።

ሥራዎቹ ለወላጆች በታዩበት ዕለት የሳሌም እናት ወይዘሮ ደመቀችም መጣች። ግድግዳውን ሙሉ የተለጠፉትን ባለቀለም በሮች አየች፤ ከዚያ ጥጉ ላይ የተሰቀለውን ሸራ አይታ ባለችበት ቆመች።

«ምነው ልጄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ከዚህ ሁሉ በር መሃል ገመናችንን አደባባይ ታወጪው?»

ሳሌም አቀረቀረች። መልስ የሰጠችው መምህርቷ ናት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥሩ ያልኳቸው እኔ ነኝ። አሁኑኑ አነሣዋለሁ።»

ገመዱን ልትፈታ ስትሄድ ሸራው ከውስጥ ተነቃነቀ። የካርቶኖቹ በሮች ግድግዳ ላይ ስለተለጠፉ የሚከፈት አልነበረም፤ ልጆቹ ሁሉ ወደዚህኛው መጥተው ሲገቡና ሲወጡ ነበር። ቤዚ ከውስጥ ሆና፣ ማን እንደቆመ ሳታውቅ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጮክ ብላ ጠየቀች።

«ማን ልበል?»

ደመቀች ግራ ገባት። ልጇን አየች፤ መምህርቷን አየች። ከንፈሯ ላይ ሳቅ መጣባት።

«የቤቱ ባለቤት ነኝ» አለች።

ሸራውን ገልጣ ጎንበስ ብላ ገባች። ትንሽ ቆይታም ሸራውን እንደያዘች አንገቷን ብቅ አደረገች። «ምን ያቆምዎታል መምህርት? ይግቡ እንጂ።»

ማኅደረማርያም ሳሌምን አስከትላ ገባች። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከእነሳሌም ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እዚህ ከመጣን ጀምሮ አንድም ሰው ግቡ ብዬ አላውቅም» አለች ደመቀች። «አፍሬ ነው። ቅዳሜ እውነተኛው ቤት ይምጡ።»

«እመጣለሁ» አለች ማኅደረማርያም፤ ሄደችም።

በሚቀጥለው ሥራ ልጆቹ የጓደኛቸውን ፊት እንዲሥሉ ታዘዙ። ሳሌም ቤዚን መረጠች። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱ ጭቅጭቅ ክፍሉን አወከው።

«ቲቸር፣ አፍንጫዬን ይሄን የሚያክል አደረገችብኝ!» አለች ቤዚ።

«ነው እኮ!» አለች ሳሌም፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ እርሳሷን እየቀረጸች።